ለፈተና የሚሆን እስክሪብቶ ስለ መምረጥ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡራን ደንበኞቻችን፤

ጉዳዩ፦ ለልጆች ፈተና የሚሆን እስክሪብቶ አመራረጥን ይመለከታል

የፈተና ወቅት በመጣ ቁጥር፣ በተለይም በዋዜማው ምሽት፣ ወላጆች ወደ መደብራችን እየመጡ «ካላችሁ ሁሉ ምርጡን እስክሪብቶ ስጡን» ይሉናል። ጥያቄው ለልጅ ከማሰብ የመነጨ በመሆኑ በደስታ እንቀበለዋለን፤ ነገር ግን በዋዜማው የተገዛ እስክሪብቶ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ለማግስቱ ፈተና ጥሩ ነው ለማለት እንቸገራለን። ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ ምክንያቱን ለማስረዳት፣ እግረ መንገዳችንንም ከፈተና በኋላ «ተበላሸ» ተብለው የሚመለሱልን እስክሪብቶዎች አብዛኛውን ጊዜ ለምን እንደሚመለሱ ለመግለጽ ነው።

አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የጻፈበትን እስክሪብቶ እጁ ያውቀዋል። ምን ያህል መጫን እንዳለበት፣ በምን ያህል ፍጥነት ቢጽፍ እንደማይቆራረጥበት፣ ጫፉን ወደየት ቢያዘነብል እንደሚቀናው ሳያስበው ለምዶታል። ጠጠር ባለ እስክሪብቶ አጥብቆ መጻፍ የለመደ ልጅ በድንገት በጣም የሚያንሸራትት እስክሪብቶ ሲሰጠው ፊደላቱ ይተልቁበታል፣ መስመር ይስታሉ፤ በተቃራኒው ደግሞ ለስላሳውን የለመደ ልጅ ጠጣሩን ሲይዝ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣቶቹን ያመዋል። ስለዚህ አዲስ እስክሪብቶ የግድ ካስፈለገ ከፈተናው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ተገዝቶ ልጁ የቤት ሥራውን ሁሉ በእርሱ ቢሠራ ይመረጣል። የነበረው በደንብ የሚጽፍለት ከሆነ ግን ያንኑ ዓይነት ሌላ አንድ ጨምሩለት እንጂ አትቀይሩበት፤ ይህን ስንል ሽያጭ እንደሚቀርብን እናውቃለን።

ወደ ምርጫው ስንመጣ ዋናው ነገር ቀለሙ ነው። በተለምዶ የምንጠቀምበት ባለ ኳስ እስክሪብቶ የሚጽፈው በዘይት በተለወሰ ወፍራም ቀለም ነው። ሃንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ የማተሚያ ቤት ቀለም ቶሎ እንደሚደርቅ አይቶ፣ ነገር ግን ያ ቀለም በጊዜው በነበረው ብዕር ውስጥ ለመፍሰስ እጅግ ወፍራም ሆኖበት፣ የኬሚስትሪ ዕውቀት በነበረው ወንድሙ እገዛ በጫፉ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ ያለችበትን መጻፊያ ሠራና እ.ኤ.አ. በ1938 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ቀለሙ ዛሬም ቶሎ የሚደርቀውና ውሃ ቢነካው በቀላሉ የማይለቀው በዚሁ ጠባዩ ነው። ጉድለቱ ጫን ብሎ መጻፍን መጠየቁና ብዙ ሲጻፍበት ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለም መጠራቀሙ ነው፤ ልጁ በየገጹ መጨረሻ ጫፉን በቁራጭ ወረቀት ጠረግ ማድረግ ቢለምድ የመልስ ወረቀቱ አይጨማለቅም።

ጄል እስክሪብቶ ከዚህ የተለየ ነው። ቀለሙ በውሃ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ቆሞ ሳለ እንደ ረጋ ነገር ይወፍራል፣ ኳሱ ሲሽከረከር ደግሞ ይቀጥናል። በዚህም ምክንያት ሳይጫኑት ይጽፋል፤ መስመሩም ደማቅ ነው። ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፍና እጁ ቶሎ ለሚደክም ልጅ እፎይታ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ በቀጭን ወረቀት ላይ ወደ ጀርባው ሊያልፍ ይችላል፣ ከባለ ዘይቱም እጅግ ፈጥኖ ያልቃል። በሁለቱ መካከል የሚገኝ ቀጠን ያለ የዘይት ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎችም አሉ፤ በእኛ ግምት ለአብዛኞቹ ልጆች የሚስማሙት እነዚህ ናቸው።

ስለ ግራኝ ልጆች አንድ ነገር መናዘዝ ይኖርብናል። ከዚህ ቀደም ለመጣው ሁሉ ጄል እስክሪብቶን እንመክር ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ ሲጻፍ የግራኝ ልጅ እጅ ገና ያልደረቀውን ቀለም እየጠረገ እንደሚሄድ ልብ ያልነው አንዲት እናት የልጃቸውን ደብተር ይዘው መጥተው ገጹን ሲያሳዩን ነበር። ከላይ እስከ ታች ተዝረክርኮ ነበር፤ የልጁም መዳፍ ጎን እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ አስቀድመን የምንጠይቀው ልጁ በየትኛው እጁ እንደሚጽፍ ነው። ለግራኝ ልጅ ቶሎ የሚደርቀውን ባለ ዘይት ቀለም፣ በቀጭን ጫፍ፣ እንመክራለን።

በእስክሪብቶው ላይ 0.5፣ 0.7 ወይም 1.0 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የኳሱን ስፋት በሚሊሜትር የሚያመለክት ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው መስመር ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይቀጥናል። ፊደል አጠጋግቶ ለሚጽፍ ልጅ 0.5 ጽሑፉን ያጠራለታል፤ አጥብቆ የሚጫን ልጅ ግን በእርሱ ወረቀት ሊቧጭር ስለሚችል 0.7 ይሻለዋል። ሦስት ማዕዘን ያለው ወይም መያዣው ላይ ላስቲክ የተደረገበት እስክሪብቶ እጁ ለሚያልበው ልጅ ይጠቅማል። ጌጥ የተንጠለጠለበትን ግን ተዉት፤ ልጅን ከማዘናጋቱ በላይ ክብደቱን ወደ ላይ ስለሚወስደው እጅ ያደክማል።

እስክሪብቶ ስትሞክሩ ወላጅ ሳይሆን ልጁ ይሞክር። መደብራችን ውስጥ ያለው የመሞከሪያ ወረቀት በአዋቂዎች ፊርማና በክብ ክብ መስመር የተሞላ ነው፤ ፊርማ ግን በአንድ አፍታ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ በሁለት ሰዓት ፈተና ውስጥ ስለሚሆነው ምንም አይነግረንም። ልጁ ቁጭ ብሎ ግማሽ ገጽ ያህል ይጻፍ፤ ከዚያ ጣቱን የት ላይ እንደተጫነው ጠይቁት።

የሚመለሱልን እስክሪብቶዎች ጉዳይ እንዲህ ነው። ኳሷ የምትሽከረከረው ከወረቀቱ ጋር በሚኖራት ሰበቃ ነው፤ ልጁ በላብ በረጠበ ወይም ቅባት በነካው መዳፉ ሲያሸው የቆየ ወረቀት ላይ ኳሷ ሳትዞር ስለምትንሸራተት እስክሪብቶው ይቆራረጣል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አንድ ነጠላ ወረቀት አስቀምጦ መጻፍም ተመሳሳይ ችግር አለው፤ ከሥሩ ሌላ ወረቀት፣ የተፈቀደ ከሆነ የጥያቄው ወረቀት ራሱ፣ ቢነጠፍ ጽሑፉ ወዲያው ይስተካከላል። ሌላው ምክንያት መውደቅ ነው። ክዳኑ ሳይገጠም በጫፉ የወደቀ እስክሪብቶ ኳሷን የያዘው ጠርዝ ሊጣመም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወይ ይተፋል ወይ ጭራሽ አይጽፍም። በአንዳንድ አዳዲስ እስክሪብቶዎች ጫፍ ላይ ለመከላከያ የተደረገች ትንሽ ሰም መሳይ ጠብታ ሳትነሳ ቀርታ «አይጽፍም» ተብለው የተመለሱም ነበሩ።

ከመግዛታችሁ በፊት የፈተናውን መመሪያ አንብቡ። ብዙ ፈታኞች ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቀለም ብቻ ይቀበላሉ፤ ወረቀቱ በማሽን ተነስቶ የሚታረም ከሆነ ጥቁር ብቻ የሚያዝዙ አሉ። በማሽን የሚነበብ የክብ ማጥቆሪያ የመልስ ወረቀት በአብዛኛው እርሳስ ይፈልጋል። በላስቲክ ሲታሽ የሚጠፋውን ቀለም ለፈተና ፈጽሞ አንሸጥላችሁም። ይህ ቀለም የሚጠፋው በመፋቅ ሳይሆን በሙቀት ነው፤ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ስለሚሰወር በፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ የዋለ የመልስ ወረቀት ነጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ክዳን የማኘክ ልማድ ላለው ልጅ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለውን ክዳን ምረጡ፤ ቀዳዳው የተደረገው ክዳኑ በድንገት ጉሮሮ ውስጥ ቢገባ አየር እንዲያልፍ ነው። አካሉ ላይ የምትታየው ሌላዋ ትንሽ ቀዳዳ ግን የአየር ግፊትን ለማመጣጠን ስለሆነች በተለጣፊ ወረቀት አትሸፍኗት።

ልጁ ወደ ፈተና ሲሄድ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት እስክሪብቶዎች ይያዝ፤ ሁለቱም አስቀድመው ጥቂት ገጽ የተጻፈባቸውና ቀለማቸው ከግማሽ በላይ የሆነ ይሁን።

ከእኛ የገዛችሁት እስክሪብቶ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ከተቆራረጠ ወይም ከተፋ ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ፤ እንቀይርላችኋለን። ልጁ እዚሁ ተቀምጦ የሚሞክርበት ጠረጴዛና ንጹሕ ወረቀትም አዘጋጅተናል፤ የሚቻላችሁ ከሆነ ፈተናው ሳይደርስ አብራችሁት ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ባልደረቦች