ለድሬዳዋ ባቡር አንድ ሰፊ መስኮት ያለው ፉርጎ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አገር ውስጥ ጉብኝት ስትጽፉ ሎጅና ሪዞርት ነው የሚበዛው። ባቡር ግን ሲነሳ አላየሁም። ስለዚህ ካለሁበት ኮሎራዶ ይህችን ላኩ።

እዚህ «ካሊፎርኒያ ዜፊር» የሚባል ባቡር አለ። ከቺካጎ ተነስቶ በዴንቨር አድርጎ ሳንፍራንሲስኮ አጠገብ ኤመሪቪል ይደርሳል። 3,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። ባለ ፎቅ ነው፤ የአንዱ ፉርጎ ላይኛው ፎቅ ውጭውን ለማየት የተሠራ ነው። መስኮቱ ወደ ጣሪያው ይታጠፋል፤ ወንበሮቹ ፊታቸው ወደ ውጭ ነው። ወንበር በስም አይያዝም፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል። ከታች ቡና ይሸጣሉ፣ ቡና ከተባለ።

እናቴ ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ ስትመጣ እስከ ግሌንውድ ስፕሪንግስ ወሰድኳት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ስለ ባቡር እሷን ማታለል አይቻልም። በ1928 የተከፈተው የሞፋት ዋሻ ጋ ስንደርስ፣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ አትለፉ፣ የናፍጣ ጭስ ይገባል ተባለ። ዋሻው 10 ኪሎ ሜትር ነው። እማዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እስኪያልቅ አላወረደችም። ከዚያ የኮሎራዶ ወንዝ መጣ። የመኪና መንገድ በሌለው በጎር ገደል ውስጥ ባቡሩ ወንዙን ታኮ ይሄዳል። ዝቅ ብሎ ጀልባ የሚቀዝፉ ጎረምሶች ባቡር ሲያዩ ሱሪያቸውን ማውረድ ልማዳቸው ነው። እማዬ አማተበች፣ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

«አዋሽስ ምን አነሰው?» አለችኝ ስንወርድ።

እውነቷን ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መተሐራ ላይ ፈንታሌ ተራራና በሰቃ ሐይቅ አሉ። በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ጭስም የለበትም። ባለ ፎቅ ይሁን አላልኩም። ካሉት ፉርጎዎች የአንዱን መስኮት አስፍቶ ወንበሮቹን ወደ ውጭ ማዞር ይበቃል። ሐዲዱ በዋናነት ለጭነት ነው የሚል አይጠፋም። እዚህም ሐዲዱ በአብዛኛው የጭነት ኩባንያዎች ነው፤ ባቡሩ የጭነት ባቡር እስኪያልፍ ቆሞ ሲጠብቅ መንገደኛውን የሚያጽናናው ያ መስኮት ነው።

ዘጋቢያችሁ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ቢጠይቅልን፤ መልሱን እማዬ ድሬዳዋ ሆና ታነበዋለች።

አንባቢያችሁ
ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ