ለደንበኞቻችን፦ ወለሉን ሳናይ ማት የማንሸጠው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። እንደምታውቁት የቴኳንዶ፣ የካራቴና የጁዶ ማሠልጠኛ ክፍሎችን ወለል እንሠራለን፤ ማትም፣ ማለትም ሰልጣኝ ሲወድቅ እንዳይጎዳ ወለሉ ላይ የሚነጠፈውን ምንጣፍ፣ እንሸጣለን። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ ተቆጥታችሁናል። አንድ አሰልጣኝማ፣ «ብሬን ይዤ መጥቼ ማት ስጡኝ ስላችሁ ቤቱን ካላየን ትሉኛላችሁ። ልጃችሁን ልትድሩልኝ ነው እንዴ?» አለን። ስቀናል። ቅሬታው ግን ልክ ነው። አሠራራችንን የቀየርነው ለማንም ሳናስረዳ ነው። ይሄ ደብዳቤ ዘግይቶም ቢሆን ማብራሪያ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። አንድ የቴኳንዶ አሰልጣኝ ደውሎ «ክፍሉ 8 በ10 ነው» አለን። 1 በ1 ሜትር የሆነውን፣ ጠርዙ እርስ በርሱ የሚገጣጠም ጥርስ ያለው ማት 80 ጭነን ላክን። ለካ የለካው በእርምጃ ነው፤ እሱ ደግሞ አጠር ያለ ሰው ነው። ክፍሉ 7 በ9 ሆኖ ተገኘ። 17 ማት ኮሪደር ላይ ተደርድሮ ቀረ። ይሄ ቀላሉ ነው። ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ ዘሎ ሲያርፍ የጥጉ ማት ከሥሩ ሸርተት አለ፤ ልጁ የእጁ አንጓ ወለም አለው። መስከረም ላይ ማቱን ስናነሳ ደግሞ ከሥሩ ሳምንት የሰነበተ እንጀራ የመሰለ ሻጋታ አገኘን። ሽታውን አንናገርም። ጥፋቱ የኛ ነው። ምን ላይ እንደሚነጠፍ ሳንጠይቅ ነው የሸጥነው።

ከዚያ ወዲህ ከማት በፊት ወለል እንላለን።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ከ1 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ሰው ወለሉን የሚመታው በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ነው። ያ ፍጥነት የሆነ ቦታ መቆም አለበት። ሊሾ ዝቅ አይልም፤ ስለዚህ ምቱን የሚቀበለው ሰውነት ነው፤ ትከሻ፣ ዳሌ፣ የእጅ አንጓ። ጥሩ ማት ላይ ግን ያው ፍጥነት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሄዶ ይቆማል። የማቆሚያው ርቀት በእጥፍ ሲረዝም ሰውነት የሚቀበለው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። የማት ሥራ ይሄው ነው።

ይሄን ስንል ብዙዎች «በቃ ወፍራሙንና ለስላሳውን ስጡን» ይሉናል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለስላሳ ሁሉ ጥሩ አይደለም። የቴኳንዶ ልጅ ዞሮ ሲመታ የቆመበት እግር ተረከዙ ወደ ፊት እስኪዞር ድረስ ይሽከረከራል። ማቱ በጣም ለስላሳ ከሆነ ጣቶቹ ይሰምጣሉ፤ እግሩ ይያዛል፤ ዳሌው ይዞራል። መሀል ላይ ያለው ጉልበት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም እሱ ነው። ጁዶና ጁጂትሱ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚጣለው በጀርባው ነው፤ እሱ ውፍረት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለጁዶና ለትግል 4 ወይም 5 ሳንቲ፣ ለቴኳንዶና ለካራቴ 2 ወይም 2 ተኩል ሳንቲ ጠንከር ያለ ማት እንመክራለን። ውፍረቱም ብቻውን አይበቃም። 4 ሳንቲ ተብሎ ተሸጦ በአውራ ጣት ሲጫኑት ወለሉ ጋ የሚደርስ ማት ገበያው ላይ ሞልቷል። ስትገዙ፣ ከኛም ቢሆን፣ መጀመሪያ ተጫኑት።

ሁለቱንም በአንድ ክፍል የሚያሠለጥን ምን ያድርግ? የኛ መልስ፣ ልስላሴውን ከማቱ ሥር ማስገባት ነው። ሊሾው ላይ የጎማ ቁራጭ በየ40 ሳንቲው እናስቀምጣለን። በላዩ ሞራሌ ይጋደማል። በሞራሌው ላይ ሁለት ድርብ ኮምፔርሳቶ፣ የላይኛው መጋጠሚያ ከታችኛው ጋር እንዳይገጥም ተደርጎ በብሎን ይታሰራል። ከዚያ ጠንካራው ማት ይነጠፋል። እግር ሲዞር ይዞራል፤ ሰው ሲወድቅ ደግሞ ወለሉ ራሱ በትንሹ ዝቅ ይላል። ጎማውን የምናመጣው ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ነው፤ በረባሶ ከሚሠራበት ያው አሮጌ የመኪና ጎማ። መጀመሪያ ከውጭ የመጣ ጎማ ሞክረን ነበር። የመኪናው ጎማ ከሱ አላነሰም፤ እንዲያውም ርካሽ ነው።

ይሄ የኛ ፈጠራ አይደለም። የጁዶ ማዕከል የሆነው የቶኪዮው ኮዶካን ከወለሉ ሥር ስፕሪንግ አስቀምጧል። እዚያ የደረሱትም ተቸግረው ነው። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ በ1882 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤይሾ ጂ በሚባል ቤተ መቅደስ ውስጥ ማስተማር ሲጀምር ቦታው 12 ታታሚ (የጃፓን የወለል ምንጣፍ) ብቻ ነበር፤ 20 ካሬ ሜትር ገደማ። ለመጣል ያልተሠራው ወለል ቶሎ ተጎዳ፤ ቤቱም እየተንቀጠቀጠ መነኮሳቱን አስመረረ ይባላል።

ይሄን ታሪክ የምንወደው እኛም ስለደረሰብን ነው። አንድ ደንበኛችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰፊ ክፍል ተከራየ። ብርሃኑ ግሩም፣ ኪራዩ ልከኛ። ከሥሩ ፋርማሲ መኖሩን ያየ የለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ 25 ልጅ በአንዴ ሲዘል፣ የፋርማሲው ባለቤት የሳል ሽሮፕ በእጇ ይዛ ደረጃውን ወጣች። «ይሄ ከመደርደሪያ ራሱ ነው የወረደው» አለች። ጎማውና ሞራሌው ገብቶ ድምፁ በጣም ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ምርጫ ካላችሁ ምድር ቤት ተከራዩ። ምርጫ ከሌላችሁ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ከሥራችሁ ማን እንዳለ ወርዳችሁ ተዋወቁ።

ምድር ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ እርጥበት። ሊሾ ደረቅ መስሎ ውኃ ይተነፍሳል። ቀላል መፈተኛ አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የላስቲክ ወረቀት ወለሉ ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። በማግስቱ ግለጡት። ከሥሩ ጠብታ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ፣ ማት በቀጥታ አይነጠፍበትም። ወፍራም ላስቲክ ከሥር ይገባል፤ ከእንጨቱ ሥርም አየር የሚያልፍበት ክፍተት በግድግዳው ዙሪያ ይተዋል። በክረምት ማቱን በሳምንት አንዴ አንስታችሁ በጎኑ አቁሙት። ጥርስ ያለው ማት የምንወደው አንዱ ለዚህ ነው፤ ሁለት ልጆች በግማሽ ሰዓት ያነሱታል።

ስለ ስፋት ብዙ ትጠይቁናላችሁ። የካራቴና የዓለም ቴኳንዶ የውድድር ሜዳ 8 በ8 ሜትር ነው፤ የጁዶ እስከ 10 በ10 ይደርሳል። ዙሪያውን መከላከያ ቦታ ጨምሩበት። አዲስ አበባ ውስጥ መሀሉ ላይ ምሰሶ የሌለው እንዲህ ያለ ክፍል ማግኘት ሎተሪ ነው። አትጨነቁ። ለዕለት ልምምድ በአንድ ሰልጣኝ 4 ካሬ ሜትር ብታስቡ ይሠራል። 60 ካሬ ክፍል ውስጥ 15 ልጅ በደንብ ይሠራል፤ 30 ልጅ ከገባ ግን ምቱ ጎረቤት ላይ ያርፋል። ምሰሶ ካለ እስከ 2 ሜትር ድረስ በስፖንጅና በቆዳ እናለብሰዋለን። ኮርኒሱ ከ3 ሜትር ባያንስ ደስ ይለናል።

ሳንድ ባግ (ተንጠልጥሎ የሚመታው የልምምድ ከረጢት) ላይ ግን አንደራደርም። 40 ኪሎ ባግ ሲመታና ሲወዛወዝ ማንጠልጠያውን የሚጎትተው ከ40 ኪሎ በላይ ነው። ብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ነው፤ ብሎኑ ዛሬ ይይዛል፣ ከወር በኋላ አቧራ እያራገፈ ይወጣል። የቆርቆሮ ጣራ የሚሸከመው እንጨትም ለዚህ አልተሠራም። የኮንክሪት ቢም ካለ ከሱ ላይ፣ ከሌለ ራሱን ችሎ የሚቆም የቱቦላሬ ፍሬም በይደን እናቆማለን። ስሙ ሳንድ ባግ ስለሆነ አሸዋ አትሙሉበት። አሸዋ ወደ ታች ይወርድና ድንጋይ ይሆናል። ከልብስ ሰፊዎች የሚገኝ የጨርቅ ቁርጥራጭ ይበቃል።

መስታወት በአንድ ግድግዳ ብቻ፣ ከወለል 40 ሳንቲ ከፍ ብሎ፤ ሲሰበር እንዳይበተን ጀርባው ላይ የሚለጠፍ ላስቲክ አለ። መስኮት በሁለት ጎን ቢሆን አየር ይመላለሳል። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒስ አስገቡ፤ ያለበለዚያ የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር የአሰልጣኙን ድምፅ የፊት ተራውም አይሰማውም።

የጫማ መደርደሪያው ከበሩ ውጭ ይሁን፤ ውስጥ ከሆነ ጭቃው ማት ላይ ይደርሳል። ማቱ በየቀኑ ይወልወል። ጭርት ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው በማት ይተላለፋል፤ አንድ ወላጅ ካየ ወሬው ሠፈር ውስጥ ይዞራል። በረኪና በደንብ አቅጥናችሁ ተጠቀሙ፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉት፤ በኋላም በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይሄን ነው። ክፍል ስታገኙ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደውሉልን። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ መጥተን የምናየው በነጻ ነው። ክፍለ ሀገር ላላችሁ በቴሌግራም ቪዲዮ ላኩልን፤ ወለሉን፣ ጣራውንና ከሥር ያለውን ቤት አሳዩን። ስፋቱን እባካችሁ በሜትር ለኩት። አምና ሳናይ የሸጥንላችሁ ደንበኞቻችን ደግሞ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መጥተን ማቱን እናነሳለን፤ ሥሩን አብረን እናያለን። ላስቲክ የሚያስፈልግ ከሆነ ወጪው የኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ባልደረቦች

በነገራችን ላይ፣ 17ቱ ማት አሁንም መጋዘናችን ውስጥ ናቸው። አልተነጠፉም፣ አልሻገቱም። ቀለማቸው ቀይና ሰማያዊ ነው፤ ውፍረታቸው 2 ተኩል ሳንቲ። ክፍሉ ጥግ ላይ ክፍተት የቀረበት ካለ በግማሽ ዋጋ እንሰጣለን። ወለሉን ካየን በኋላ።