ዘንድሮ በርሜል ይዘን የዞርንበት ምክንያት፦ የሳይንስ ክበብ ዘገባ
ዘንድሮ የሳይንስ ክበብን የፈለገ ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ አያገኘንም ነበር። ቧንቧው ጋ ነበርን። እዚያ ያለው የኮንክሪት ወለል አንድ ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ታውቁታላችሁ፤ ጀሪካን ሲያርፍበት ቋ ይላል። ጥቅምት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል "ቲቸር፣ ለምን ጥጉ ብቻ?" አለችኝ። ዓመቱን የበላው ይህ ጥያቄ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ሲሚንቶውን ነበር። "ሲሚንቶው ተበልቶ ነው" የሚል ወሬ መቼም ይጣፍጣል። እኔ ወደ አፈሩ መራኋቸው። ኮምቦልቻ የኖረ ሰው ዋልካን ያውቀዋል፦ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በዝናብ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ዊንክለር በ1867 እ.ኤ.አ. አፈርን እንደ ሞላ እናስበው አለ። የሽቦ አልጋ ማለት ነው፤ የተጫንከው ሞላ ይወርዳል፣ ጎረቤቱ አይነካም። እውነተኛ አፈር እንዲህ አይደለም፣ ግን ለስሌት ይመቻል። ስለዚህ ጥያቄው አጭር ነው፦ አፈሩ አንድ ሚሊሜትር እንዲሰምጥ ስንት ግፊት ይፈልጋል? ሌላው መሐንዲስ ዌስተርጋርድ በ1926 እ.ኤ.አ. ይህን ቁጥር ይዞ ለመንገድ ኮንክሪት መሃሉን፣ ጠርዙንና ጥጉን ለየብቻ አሰላ። ጥግ በሁለት ወገን የሚያግዘው ኮንክሪት የለውም። የልጅቷ ጥያቄ ግማሹ እዚህ ላይ ተመለሰ።

ሌላውን ግማሽ መለካት ነበረብን። ባለሙያዎቹ 76 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ብረት አፈሩ ላይ አስተኝተው፣ ከተጫነ መኪና ሥር በክሪክ ይገፉታል። እኛ ብየዳ ቤት 30 ሳንቲሜትር ክብ ብረት አስቆረጥን፤ በላዩ ባዶ በርሜል አቆምን። ከዚያ በጀሪካን ውሃ መሙላት ነው። 10 ጀሪካን 200 ኪሎ ይሆናል፤ በዚያ ብረት ላይ 28 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ማለት ነው። መስመጡን የምናነበው አጭር ክንዱ 5፣ ረጅሙ 100 ሳንቲሜትር በሆነ ዘንግ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር 20 ሆኖ ይታያል።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። በርሜሉ ዘመመ፣ ውሃው እኔ ላይ ተደፋ። ዘበኛችን ጋሼ "አብሽር፣ ውሃ ነው" ብለው አራት እንጨት ተከሉልን። በሁለተኛው ቀን ደግሞ አፈሩ ምንም አልሰመጠም! ደስ ሊለን ሲል ነው አንድ ልጅ የነቃው፤ ዘንጉን ያስደገፍንበት ድንጋይ ከብረቱ አጠገብ ስለነበር አብሮ እየወረደ ነው። አራቅነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ መሃሉ አካባቢ ያለው አፈር 0.7 ሚሊሜትር ሰመጠ። በአንድ ሚሊሜትር 40 ኪሎፓስካል። ከበልግ ዝናብ በኋላ ጥጉ አጠገብ ስንለካ 2 ሚሊሜትር ሄደ፤ 14 ብቻ። (እነዚህን ቁጥሮች ማንም ለሕንፃ እንዳይወስዳቸው። በዋልካ ላይ ትንሽ ብረት ቁጥሩን ያጋንናል፤ በትልቁ ቢለካ ከግማሽ በታች በወረደ።)

እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በዌስተርጋርድ ስሌት የአፈሩ ቁጥር 16 እጥፍ ቢያድግ፣ ሸክሙ በኮንክሪቱ ውስጥ የሚዘረጋበት ርቀት የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው። ኮንክሪት ደካማ አፈርን ይችላል። የማይችለው አንድ ወገን ደህና፣ ሌላው ወገን ባዶ ሲሆን ነው። ልጆቹ ግን ትልቅ ቁጥር ለማግኘት ሲወዳደሩ ነው የከረሙት፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጥናቸው ሚያዝያ ላይ ነው።

ቀና ብለን ስናይ የጣራው አሸንዳ የሚፈሰው እዚያው ጥግ ላይ ነው። ስንት ጊዜ አልፈንበታል!

አሁን ቱቦው ወደ ቦዩ ዞሯል። ጥጉ ሲጠገን ዋልካው ወጥቶ ገረጋንቲ ገብቶ ይጠቀጠቃል ተብሏል። በርሜሉን ለሻይ ቤቱ መልሰናል። ክቡ ብረት የክበቡ ክፍል ውስጥ አለ፤ ንፋስ የሚዘጋውን በር ደግፎ።