ራጁን ያነሳው ማን ነው ታዲያ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሳንባ በሽታን በራጅ ይለያል ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ያላነበበው የለም መሰለኝ፤ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ሳይቀር «በል እንግዲህ ሌላ ሥራ ፈልግ» ከሚል ቀልድ ጋር ተልኮልኛል። እኔ ራጅ አንሺ ነኝ። ቀልዱን ችዬው ነበር። «ማሽኑ የታካሚውን ደረት ራሱ አንስቶ ራሱ ያነባል» የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ።

ራሱ አንስቶ? በየትኛው እጁ?

ሶፍትዌሩ ተነስቶ ያለቀ ራጅ ይሰጠዋል። በብዙ ሺህ ምስሎች ላይ ተምሯልና ቲቢ የመሆን ዕድሉን በቁጥር ይናገራል። በቃ። «ትከሻህን ወደ ፊት ግፋ፣ አየር ሳብ፣ ያዝ!» እያለ የሚጮኸው ሰው ነው። እማማን «ማተብዎን ለአፍታ ያውልቁልኝ፣ መስቀሉ ይታያል» ብሎ የሚለምነውም ሰው ነው። ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ የወረደ ልጅ ፀጉሯ ወደ ላይ ካልታሰረ የሳንባዋ ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል፤ ቲቢ ደግሞ አዋቂ ላይ በብዛት የሚቀመጠው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። በደንብ አየር ያልሳበ ሰው ሳንባው ሳይታመም የታመመ ይመስላል። ይሄ ሁሉ ካልተስተካከለ ያ ጎበዝ ማሽናችሁ ፀጉር ሊመረምር ነው።

ደግሞ ማሽኑ ከሳንባው ውጭ ያለውን ነገር መልቀም ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ሳንባ ምች እንዲለይ የሠለጠነው ፕሮግራም ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ከሞላ ጎደል ሳይሳሳት ያውቅ ነበር፣ ወደማያውቀው ሆስፒታል ሲወስዱት ግን ብቃቱ ቀነሰ። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ የባሰ መጣ። የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ኮቪድን በማሽን ከሳንባ ምስል ስለመለየት የተጻፉ 62 ጥናቶችን መረመሩ፤ አንዱም ለሕክምና የሚበቃ አልነበረም። አንዳንዶቹ ኮቪድ የሌለባቸው ብለው ያስገቡት ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሆናቸውን ሕፃናት ራጅ ነው፤ የኮቪዶቹ የአዋቂ ነው። ልጅን ከአዋቂ ለመለየትማ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ይበቃል።

ቴክኖሎጂውን ጠልቼ አይደለም። ራዲዮሎጂስት (ራጅ የሚያነብ ሐኪም) በሌለበት ጤና ተቋም ለቲቢ ልየታ በጣም ይጠቅማል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ፈቅዶታል። የፈቀደው ግን ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። እናንተ ይህችን ዘላችሁ ፎቶው ላይ ሕፃን የታቀፈች እናት አወጣችሁ! ማሽኑ «ቲቢ ሊሆን ይችላል» ካለ በኋላም አክታው ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርሙን ራሱን ለሚፈልገው የላብራቶሪ ምርመራ) መላክ እንዳለበት፣ የዳነ የድሮ ቲቢ ጠባሳ ሊያሳስተው እንደሚችል አንድም ቃል የለም።

ስለ እኛማ ድሮም ቃል ኖሮ አያውቅ። አንዴ የምሠራበት ቦታ ካሜራ ይዘው መጡና ታካሚ እያቆምኩ «ወንድም፣ ትንሽ ዞር በልልን፣ ዶክተሩ ይታይ» አሉኝ። ዞር አልኩ። ዶክተሩ ስክሪኑን በጣቱ እያሳየ ተቀረፀ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ከሰማይ የወረደ ይመስል። ሌሊት ተረኛ ሆነን መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር እስኪነሳ ከታካሚ ጋር ጨለማ ውስጥ የምንቆመውን ዜና ይሁን አልልም፤ ቢያንስ ሥራችንን ለሶፍትዌር አትስጡብን።

ስለዚህ ማስተካከያ አውጡ። የዕድሜውን ገደብ ደግሞ ከላይ፣ በሚታይ ቦታ ጻፉት። ዘገባችሁን ያነበቡ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እየመጡ «ኮምፒውተሩ ይየው» ማለት ጀምረዋል፤ ቆሞ የሚያስረዳቸው እኔ ነኝ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

አንድ የራጅ ባለሙያ፣ ከደሴ