አዚናራን አየሁት

ሰብልዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ከች ስል እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ለእትዬ ለቅሶ እንኳን አልደወልኩም። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ቃል ያጥረኝ ነበር። ይቅር በይኝ።

አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አዚናራን አየሁት! አዎ፣ የእማማን አዚናራ፣ አባታቸው የተጋዙባትን የጣሊያን ደሴት። የምሠራበት ቤት ለወደቡ ቅርብ ነው። እሁድ እረፍት ሳገኝ ከፖርቶ ቶሬስ በጀልባ ተሻገርኩ።

ደሴቷ ድንጋይና ቁጥቋጦ ናት። ድሮ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ይኖርባት ነበር። በፈረንጆቹ 1885 መንግሥት አስነሳቸውና ማዶ ተሻግረው ስቲንቲኖ የምትባል መንደር ቆረቆሩ። ከዚያ ወዲህ እስር ቤትና የበሽተኛ ማቆያ ሆነች። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያና የሃንጋሪ ምርኮኞች በሺዎች አለቁባት። አጥንታቸው በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል። ገብቼ ወዲያው ወጣሁ፣ አልቻልኩም። በኋላ እነ ቶቶ ሪና፣ የማፊያ አለቆቹ፣ ታስረውባታል። እስር ቤቱ የተዘጋው በፈረንጆቹ 1997 ነው። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ናት፤ ሰው ሊዋኝ ይመጣል።

የኛዎቹ በግዞት የመጡት ከየካቲት 12 በኋላ ነው። መኳንንቱ፣ ሴቶች፣ ሕፃናት ሳይቀሩ። የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከነልጆቻቸው እዚህ ነበሩ። በፈረንጆቹ 1940 ቱሪን ላይ አረፉ፤ አገራቸውን ዳግም ሳያዩ። ባሕሩን እያየሁ እሳቸውን ሳስብ እንባዬ መጣ።

ከዚያ አንዲት አህያ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ነጭ! እንደ ነጠላ ነጭ። ዓይኗ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐዩ ከብዷት ጨፈን ገለጥ ታደርገዋለች። ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ነጭ ነው። ደሴቷ በነሱ ነው የምትታወቀው።

ትዝ አለሽ? እማማ «አባቴ ከግዞት ሲመለስ ነጭ አህያ አየሁ ብሎ ቢያወራ ሰው ሁሉ ሳቀበት» ይሉን ነበር። አንቺም ትስቂ ነበር፣ አንቺ ወሬኛ! እውነታቸውን ነበር፣ ሰብልዬ።

እንግዲህ... እማማ ደህና ናቸው? ይሰማሉ? ይህን መጠየቅ ነው የፈራሁት። ዘጠና አልፏቸዋል። ደህና ከሆኑ እባክሽ ዛሬ ነገ አትበይ፤ አጠገባቸው ቁጭ በይና በስልክሽ ቅጂልኝ። አባታቸው ከማን ጋር ነበሩ? ምን ይበሉ ነበር? በየትኛው መርከብ ተመለሱ? ያስታወሱትን ሁሉ፣ ቢደጋግሙትም።

ፎቶዎቹን ልኬልሻለሁ። መጀመሪያ አህያዋን አሳዪያቸው።

ያንቺው አልማዝ