ደብዳቤ ለልጄ፣ ከኮዬ ፈጬ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ አያትሽም በርትታለች። ለወንድምሽ የላክሽለትን የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ትናንት አሳየኝና እንቅልፍ ነሳኝ። በሥራሽ እንደምትኮሪ ለመናገር በእንግሊዝኛ «ሼምለስሊ» ብለሻል። ይህን ቃል ለራስሽ አትጻፊ።

«ሼም» ሀፍረት ነው፣ «ለስ» የሌለው፣ «ሊ» ደግሞ ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ የምትናገር ቅጥያ። ሲገጣጠም «ያለ ሀፍረት» ይመስላል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ይፈርዳል፤ ማፈር ሲገባው አላፈረም ይላል። እኛ «ዓይኑን በጨው ታጥቦ» የምንለው ነው። ስለዚህ ዋሸ፣ ገለበጠ፣ በዘበዘ ከሚሉ ግሦች ጋር ይውላል። «ሂ ሼምለስሊ ኮፒድ ማይ ወርክ»፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሥራዬን ገለበጠ የሚል ሰው እየከሰሰ ነው። አንቺ ታዲያ ራስሽን ለምን ትከሺያለሽ?

የፈለግሽው «አንአሼሚድሊ» ነው። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬም አልደብቀውም ማለት ነው። ይሉኝታን ይጥላል እንጂ ነውር አይሠራም። ከቅጽሉ ፊት አስገቢው፦ «አይ አም አንአሼሚድሊ ፕራውድ»። ቃለ መጠይቅ ላይ ስትዪው ደግሞ አትቸኩዪ። «አሼምድ» ብቻውን 2 ክፍለ ቃል ነው፣ መጨረሻው ይዋጣል፤ «አንአሼሚድሊ» ግን 5 ነው፣ «ሚድ» የምትለዋ በግልጽ ትሰማለች። «አንአባሺድሊ»ም እንዲሁ ነው፤ ትርጉሙም ቅርብ ነው፣ ብትተኪው አይጎዳሽም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ። ስታጠኚ ሁለቱንም «ያለ ሀፍረት» ብዬ በአንድ መስመር ያስጻፍኩሽ እኔ ነኝ። ሀፍረትን፣ ነውርንና ይሉኝታን ለይቼ ባሳይሽ ኖሮ ቃሉ በራሱ ይለይልሽ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፈረንጆቹም ለራሳቸው ይሉታል አትበዪኝ። የሚሉት ሲቀልዱ ነው፣ የገዛ ሥራቸውን ሲያስተዋውቁ። እናንተ ልጆች «ሼም የለኝም» እንደምትሉት ማለት ነው። ማመልከቻ የሚያነብሽ ሰው ግን አያውቅሽም፣ ፊትሽንም አያይም። አትጻፊው ብያለሁ።

ዛሬውኑ አርመሽ ሰኞ ሳይደርስ ላኪው። ቅዳሜ ስትመጪ የአያትሽን የደም ግፊት መድኃኒት እንዳትረሺ፤ ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ሲመሽ ታክሲ ስለሚጠፋ በጊዜ ተነሺ። ቃሉ ያለው ማመልከቻሽ ሁለተኛው አንቀጽ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው።

አባትሽ