በዘመቻ ሰሎሞን ታሪክ ውስጥ የተዘለለው ስኳድሮን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ግንቦት በመጣ ቁጥር ስለ ዘመቻ ሰሎሞን ሲጻፍ ቢያንስ 1,088 ሰው የጫነው የእስራኤሉ አየር መንገድ የኤል አል ቦይንግ 747 ይነሳል። መነሳቱ ተገቢ ነው፤ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ሆኖም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከቦሌ ወደ እስራኤል ካወጡት 35 ያህል አውሮፕላኖች መካከል የእስራኤል አየር ኃይል ሄርኩለሶች (ሲ-130 የጭነት አውሮፕላኖች)ና ቦይንግ 707ዎችም ነበሩ። 707ዎቹ የ120ኛው ስኳድሮን (የአየር ኃይሉ ክፍል) ናቸው። ይህ ስኳድሮን ሰውና ዕቃ ያጓጉዛል፤ ለተዋጊ ጄቶችም በአየር ላይ ነዳጅ ይሞላል። ስሙ ሲዘለል ዝም ማለት አልቻልንም።

ስኳድሮኑ ነዳጅ ሞይ ስለሆነ በዘመቻው ዕለትም በአየር ላይ ነዳጅ ተሞልቷል ብሎ መገመት ስህተት ነው። ለመንገደኛ የተሠራ 747 ነዳጅ የሚቀበልበት አፍ የለውም።

አንዱ 707 ማጓጓዙንም ነዳጅ መሙላቱንም የሚችለው ነዳጁ በዋናነት በክንፎቹና በመሃል ታንኩ ስለሚያዝ ነው፤ የመንገደኛው ክፍል ነጻ ይቀራል። ሁለቱን በአንድ በረራ በሙሉ አቅም መሥራት ግን አይቻልም። በሲቪሉ 707-320 ብናሰላ ባዶው 66 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ሙሉ ነዳጁ (90 ሺህ ሊትር ያህል) 72 ቶን ነው፤ ሲነሳ ከ151 ቶን ማለፍ አይችልም። ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈው 13 ቶን ብቻ ነው።

ቦሌ ላይ ሒሳቡ ይከብዳል። ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ስለሚል የአየሩ እፍጋት ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። የሞተሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ለመነሳት የሚያስፈልገው የመሬት ላይ ፍጥነት 12 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ማኮብኮቢያው ቶሎ ያልቃል። መፍትሔው ክብደት መቀነስ ነው፦ ከ2,500 ኪሎ ሜትር ለሚበልጠው መንገድና ለመጠባበቂያ የሚበቃ ነዳጅ ብቻ መያዝ። የሌሊት ቅዝቃዜም ይረዳል።

ስኳድሮኑ በነዳጅ ሞይነቱ ከሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ መስከረም 21 ቀን 1978 ዓ.ም. ነበር። ቱኒስን ለመደብደብ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዙት ኤፍ-15 ተዋጊ ጄቶች ሜዲትራኒያን ላይ ከ707 ነዳጅ ተቀበሉ። ሞይው ፍጥነቱንና ከፍታውን ሳያዛንፍ ይበርራል፤ ተዋጊው ከኋላና ከታች ይጠጋል፤ ኦፕሬተሩ በጭራው ሥር ያለውን ረጅም ቧንቧ እየመራ በኤፍ-15 ግራ ክንፍ መነሻ ላይ ወዳለው አፍ ያስገባል። ተዋጊው በፍጥነት ከተጠጋ ወይም ከተፈቀደው ማዕዘን ከወጣ ቧንቧው መላቀቅ አለበት፤ ካልተላቀቀ ሊሰበር ይችላል። ሄሊኮፕተር ግን የ707ን ፍጥነት ስለማይደርስ ነዳጁን ከሄርኩለስ በተዘረጋ ጎማ ቱቦ ይቀበላል። ያ የሌላ ስኳድሮን ሥራ ነው።

እስራኤል በ2022 እ.ኤ.አ. በ707ዎቹ ምትክ አራት ኬሲ-46 ነዳጅ ሞይ አውሮፕላኖች አዝዛለች። ጋዜጣችሁ በመጪው ግንቦት የአውሮፕላኖቹን ዓይነትና የስኳድሮኖቹን ስም ለይቶ እንዲያወጣ፣ የ707 ባልደረቦችንም እንዲያነጋግር በአክብሮት እንጠይቃለን።